«አትምጡ» ላለ ሰው ማን ይክፈለው?

ይህ ምልልስ የሁለት ሰዎች ነው። አንደኛው ዕድሜውን በጎንደር ከተማና በሰሜን ተራሮች እንግዳ በማስጎብኘት ያሳለፈ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ጎንደር ተወልዳ አዲስ አበባ በአንድ የጉዞ ወኪል የምትሠራ ወጣት ናት። ጥምቀት እየቀረበ ሲመጣ ከውጭም ከአዲስ አበባም «እንምጣ ወይስ እንቅር?» የሚሉ እንግዶች በዝተውባታል። መልስ ከመስጠቷ በፊት እሱን ልታማክር መጥታለች።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ነገሩን ሳላንዛዛ ልጠይቅዎት። እንግዶቼ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጎንደር ሰላም ነው ወይ?» ምን ልበላቸው?

አስጎብኚው፦ መልሰሽ ጠይቂያቸው። የትኛው ጎንደር? በየትኛው ቀን? በአውሮፕላን ነው በመኪና? ከተማው አንድ ነገር ነው። ወደ ደባርቅ የሚወስደው መቶ ኪሎ ሜትር መንገድ ሌላ ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ከሳንቃበር በላይ ያለው ደጋ ደግሞ ሌላ። ጠዋት ክፍት የነበረ መንገድ ከሰዓት በኋላ ይዘጋል። «ጎንደር ሰላም ነው» ያለሽም፣ «ጎንደር እሳት ነው» ያለሽም ጥያቄሽን አልመለሰልሽም።

ወጣቷ፦ ኤምባሲዎቹ ግን እንዲህ አይለያዩትም። ክልሉን በሙሉ አንድ ላይ አድርገው «አትሂዱ» ይላሉ። የጉዞ መድን ድርጅቶችም አብዛኞቹ የገዛ መንግሥቱ አትሂድ ያለው ቦታ ሄዶ ለተጎዳ ሰው አይከፍሉም።

አስጎብኚው፦ ያንን ማስጠንቀቂያ አትናቂው። ኤምባሲው ዜጋውን «ብትታመም ወይ ብትታገት አልደርስልህም» እያለው ነው፤ እውነቱንም ነው። በመስከረም 2009 መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ጊዜ ዲፕሎማቶቹ ራሳቸው ያለ ፈቃድ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር አልፈው እንዳይሄዱ ተከልክለው ነበር። ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጎንደር ላለ ሰው ምን ያደርጉለታል? ኤምባሲው የማያውቀው ግን ዛሬ ጠዋት ጎንደር ፒያሳ ምን እንደዋለ ነው። እሱን የምናውቀው እኛ ነን።

ወጣቷ፦ በምን ታውቁታላችሁ?

አስጎብኚው፦ ከተማ ከመታወኩ በፊት ይናገራል። አስቀድሞ ከመንገድ የሚጠፋው ባጃጅ ነው። ባለባጃጁ ያለችው ሀብት እሷው ስለሆነች ወሬ ሲሸተው ቶሎ ብሎ ግቢ ያስገባታል። ቀጥሎ ባለሱቆቹ የብረት በራቸውን እስከ እኩሌታው ያወርዳሉ። ጨርሰው አይዘጉትም፤ ደጃፉ ላይ ቆመው ግራ ቀኙን ያያሉ። ከዚያ እናቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ሊያወጡ ሲሮጡ ታያለሽ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ከወገራና ከደምቢያ እህል ጭኖ የሚገባው አይሱዙ ከቀረ ደግሞ መንገዱ ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። እኔ እነዚህን ሁለት ሦስቱን ካየሁ እንግዳዬን ከፋሲል ግቢ አውጥቼ ወደ ሆቴሉ እመልሰዋለሁ። የጥይት ድምፅ እስክሰማ አልቆይም።

ወጣቷ፦ ሁልጊዜ ግን ምልክት አይሰጥም። ሐምሌ 2008ን ያስታውሱ።

አስጎብኚው፦ ልክ ነሽ። ሐምሌ 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ኮሎኔል ደመቀ ዘውዱን ለመያዝ በመጣው ኃይል የተነሣ ተኩስ ሲከፈት ከተማው ተኝቶ ነበር። ለዚያ ዓይነቱ ነገር ያለው መፍትሔ ከመስኮት መራቅ፣ ወለል ላይ መተኛትና አለመውጣት ብቻ ነው። በዚያው ወር በ24ኛው ቀን የተደረገው ታላቅ ሰልፍ ግን ቀኑ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ እንግዳ ከዚያ ለመራቅ ጊዜ ነበረው። ሁከትን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት ነው ሰውን የሚያስተው። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። በሼህ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ የተነሣው ጥቃት ከ20 በላይ የከተማችንን ሙስሊሞች ቀጥፏል። ለዘመናት አብሮ የኖረ ጎረቤት በአንድ ቀን ውስጥ ተፈራራ። እንዲህ ባለ ቀን እንግዳ ከየትኛውም ወገን ባይሆን እንኳ ገበያ መሀል ካሜራ አንግቶ መታየት የለበትም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ፎቶ ሊነሣ አይፈልግም፤ ሊፈልግም አይገባም።

ወጣቷ፦ እዚህ ብዙ ሰው «ጠቡ የእኛው የእርስ በርስ ነው፤ ፈረንጅን ማን ይነካዋል?» ይላል።

አስጎብኚው፦ ያ እምነት እንጂ ጥበቃ አይደለም። መስከረም 24 ቀን 2009፣ ከእሬቻው እልቂት በሁለተኛው ቀን፣ አዲስ አበባ ዳርቻ ላይ በመኪና ትጓዝ የነበረች አሜሪካዊት ተመራማሪ በተወረወረ ድንጋይ ተመትታ ሞታለች። ለእሷ የተላከ ጠብ አልነበረም፤ መንገዱ ላይ ተገኘች። በጥር 2004 ኤርታሌ ላይ ደግሞ አምስት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ሲገደሉ ዒላማው እንግዳው ራሱ ነበር፤ ሁለት ጀርመናውያንም ታግተው ተወስደው በኋላ ተለቀቁ። ሁለቱም በአገራችን የሆነ ነው። የሚነካው ሰው አይኖርም ብሎ እንግዳን መንገድ ማስወጣት ኃላፊነት አይደለም።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ከሁሉ የሚያሰጋዎት ፈረንጁ ነው?

አስጎብኚው፦ አይደለም። ከሁሉ የሚያሰጋኝ የራሳችን ልጅ ነው። ፈረንጁ ይጠይቃል፣ ይፈራል፣ የተነገረውን ይሰማል። ከዋሽንግተን ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ልጃችን ግን እንግዳ መሆኑን አያምንም። «ያባቴ አገር ነው፤ ቋንቋውን እችላለሁ» ይልና አያቱን ለመጠየቅ በሚኒባስ ወደ ገጠር ይወጣል። በ2014 መንግሥት ለዲያስፖራው «ወደ አገር ቤት ግቡ» የሚል ጥሪ ሲያደርግ ስንቱ ለጥምቀት ጎንደር እንደመጣ ታስታውሺያለሽ። ዛሬ በየመንገዱ የሚያስፈራው እገታ ነው። አጋቹ የሚጠይቀው ቤዛ እንጂ ፖለቲካ አይደለም። ከውጭ የመጣ ዘመድ አለ የሚል ወሬ መንደሩ ውስጥ ከተሰማ ችግሩ ለልጁ ብቻ አይሆንም፤ እሱ ተመልሶ ከሄደ በኋላ አያቱም ልትታገት ትችላለች። ስለዚህ ለልጆቻችን የምነግራቸው አንድ ነው፤ አያትህን ማየት ከፈለግህ አንተ ወደ እሷ አትውጣ፣ እሷ ወደ ከተማ ትምጣልህ። ያም መንገዱ ለእሷ ክፍት ከሆነ ነው። የት እንዳለህም በፌስቡክና በቲክቶክ አትለጥፍ፤ ቤትህ ገብተህ ለጥፍ።

ወጣቷ፦ ወደ ሰሜን ተራሮች እንሂድ። ብዙዎቹ የሚመጡት ለጭላዳውና ለዋልያው ነው። ፓርኩ ውስጥ ደግሞ የታጠቀ ስካውት አብሮ ይሄዳል። ከዚህ በላይ ምን ጥበቃ አለ?

አስጎብኚው፦ ስካውቱ የአካባቢው ልጅ ነው፤ ገደሉን፣ ምንጩን፣ እረኛውን ያውቃል። የእሱ ዋጋ እዚያ ላይ ነው። ጠመንጃው ግን ሰላም በሆነ ዘመን የነበረው ትርጉም ዛሬ የለውም። የታጠቁ ኃይሎች በሚፋለሙበት ተራራ ላይ ጠመንጃ ይዞ የሚሄድ ሰው ከሩቅ ላየው ማን ነው? በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት አዲአርቃይን አልፎ ወደ ደባርቅ ሲጠጋ፣ በደባት አጠገብ ጭና ላይ ገበሬዎች ሲያልቁ ያየ ደጋ ነው። ከሐምሌ 2015 ወዲህም በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል ያለው ውጊያ ገጠሩን አልለቀቀውም። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ አሮጌ ጠመንጃ እንግዳን ያድናል ብዬ አልዋሽም።

ወጣቷ፦ ታዲያ እጀባ ቢጨመርስ? ወታደር ፊትና ኋላ አድርጎ መሄድ?

አስጎብኚው፦ ግብፅ ሞክራዋለች። በአውሮፓውያን 1997 ሉክሶር ላይ ከ50 በላይ ጎብኚዎች ከተገደሉ በኋላ በደቡብ ግብፅ ቱሪስቶች በታጠቀ እጀባ በሰልፍ እንዲሄዱ ተደርጎ ነበር። ችግሩን አስቢው፤ መኪናው ሁሉ አንድ ላይ ይነሣል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ መንገዱ ይታወቃል። ሊጠቃ የተፈለገ ሁሉ ተሰብስቦ ቀረበ ማለት ነው። እዚህማ ይብሳል። በወታደር የታጀበ መኪና በግጭት ቀጣና ውስጥ የአንድ ወገን መኪና ነው። እንግዳ የማንም አለመሆኑ ነው ያለው አንድ መከታ፤ ያንን በገዛ እጃችን አንንሣው። እጀባ የሚያስፈልገው መንገድ ለጉብኝት ያልደረሰ መንገድ ነው።

ወጣቷ፦ ስለዚህ ሰሜን ተራሮች ይቅር ነው የሚሉኝ?

አስጎብኚው፦ ለዚህ ጥምቀት አዎ። ጥይቱን ብቻ አትይ። ፓርኩ ውስጥ ያለው ጨነቅ 3600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4500 ሜትር በላይ ነው። ከፍታው ያመመውን ሰው የሚያድነው ቶሎ ወደ ቆላ ማውረድ ነው። መንገዱ ድንገት ቢዘጋና ስልክ ቢጠፋ በሽተኛውን በምን አወርደዋለሁ? ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጥሩ ሐኪሞች አሉ፤ እነሱ ጋ የሚያደርስ መንገድ ከሌለ ግን ለእኔ በሽተኛ የሉም። ይህን ስልሽ ደስ ብሎኝ አይደለም። ደባርቅ ላይ በቅሎ ጫኙ፣ ምግብ አብሳዩ፣ ስካውቱ፣ ማደሪያ ያላት ሴትዮ፣ ሁሉም በአንድ እንግዳ ላይ ተንጠልጥለው ይኖራሉ። ፓርኩ በአውሮፓውያን 1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ከ1996 ጀምሮ በአደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ በ2017 ወጣ ሲባል ስንት ሰው በተስፋ በቅሎ ገዛ!

ወጣቷ፦ እኔም የሚከብደኝ ይኸው ነው። እውነቱን ከነገርኳቸው እንግዶቹ ይቀራሉ። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ይራባሉ። ትንሽ አለስልሶ መናገር ምን ኃጢአት አለው?

አስጎብኚው፦ ኃጢአቱ የሚከፈለው በነሱው ላይ መሆኑ ነው። አንድ እንግዳ «ሰላም ነው ብለውኝ» ብሎ መጥቶ ቢጎዳ፣ ስሙ የሚጠፋው የነገረው ሰው ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ በእውነት ሰላም በሆነበት ዓመት እንኳ «ሰላም ነው» ስንል የሚያምነን አይኖርም። ባለበቅሎው ዘንድሮ ከተራበ በሚቀጥለው ዓመት ሊጠግብ ይችላል። ቃላችን ከጠፋ ግን ለልጁም የሚተርፍ ሥራ አይኖርም።

ወጣቷ፦ ቃል አያበላም፣ ጋሼ።

አስጎብኚው፦ ጥሩ አልሽ፤ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ንገሪኝ፣ አንቺ ወይም ሌሎቹ ወኪሎች ደውላችሁ «መንገዱ እንዴት ነው?» ስትሉኝ፣ «ኑ» ካልኩ ምን አገኛለሁ?

ወጣቷ፦ የሥራዎን ክፍያ።

አስጎብኚው፦ «አትምጡ» ካልኩስ?

ወጣቷ፦ ምንም።

አስጎብኚው፦ እንግዲያው እውነት እንድናገር እየጠየቃችሁኝ ለውሸት ነው የምትከፍሉኝ። የእኔ ቤት እንጀራ በ«ኑ» ብቻ የሚጋገር ከሆነ፣ ልጁ የታመመበትና የቤት ኪራይ የደረሰበት ወጣት አስጎብኚ ምን የሚላችሁ ይመስልሻል? ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የሚያለሰልሰው። ከአውሮፕላኑ እስከ ሆቴሉ፣ ከወኪሉ እስከ ሹፌሩ ያለው ሁሉ ገንዘብ የሚያየው እንግዳው ሲመጣ ብቻ ነው። ስለ ደህንነት የሚጻፈው ሁሉ ይህን አይነካም። የእንግዳ ደህንነት የሚበላሸው ኬላው ላይ ሳይሆን ቀድሞ በዚህ ስሌት ነው።

ወጣቷ፦ ምን ይደረግ ነው የሚሉት?

አስጎብኚው፦ «አትምጡ» ላለ ሰው ክፈሉት። «ኑ» ላለው የምትከፍሉትን ያህል ባይሆን እንኳ፣ የአንድ ቀን አበሉን፣ ለወሬው፣ ለጥንቃቄው ክፈሉት። እንግዳውም ይወቀው፤ ከዋጋው ላይ ይህችኛዋ እውነት ለሚነግረኝ ሰው ነች ብሎ ይስጥ። ቀብዱ ደግሞ ይመለስለት። ቀብዱን የማያገኝ እንግዳ «ገንዘቤ ከሚቀልጥ ልሂድ» ብሎ በገዛ እግሩ አደጋ ውስጥ ይገባል።

ወጣቷ፦ የእኛ አለቆች ይህን የሚቀበሉ አይመስለኝም።

አስጎብኚው፦ ይህ አዲስ ነገር እንዳይመስላቸው ንገሪያቸው። በድሮው ቤተ መንግሥት ለመጣ የውጭ ሰው ባልደረባ ይሾምለት ነበር። ባልደረባው ስለ እንግዳው በንጉሡ ፊት ይናገራል፤ ለእንግዳው ደግሞ የቤተ መንግሥቱን ፊት ይነግረዋል፤ ዛሬ ግባ፣ ዛሬ አትግባ ይለዋል። ሹመት ስለሆነ የሚኖረው በሹመቱ ነው፤ እንግዳው ስለገባ ወይም ስለቀረ አይደለም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በአውሮፓውያን የካቲት 1770 ጎንደር ሲገባ አገሩ እንደ ዛሬው ታውኮ ነበር። ራስ ሚካኤል ስሑልና ንጉሡ በዘመቻ ላይ ነበሩ፤ ከተማው ነገ ማን እንደሚገባበት አያውቅም። ሰውየውን ያተረፈው ሽጉጡ አልነበረም። ቁስቋም ላይ እቴጌ ምንትዋብ ቤት ተጠግቶ ፈንጣጣ የያዛቸውን አስታመመ፤ የቤቱ ሰው ሆነ። ከሁለት ዓመት ለጥቂት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ ብዙ ደም ያየበትን ከተማ በሕይወት ለቆ ወጣ። ያስጠጋው ቤት መውጫ መግቢያውን ይነግረው ነበር።

ወጣቷ፦ እቴጌይቱን ግን ራሳቸውንም ያ ዘመን አስጨንቋቸው ነበር። የሚያስጠጋው ሰው ራሱ መጠጊያ ሲያጣስ?

አስጎብኚው፦ እሱን ነው በነሐሴ 2015 ያየነው። ውጊያው ከተማ ሲገባ በረራ ተቋረጠ፤ ሰው ቤቱን ዘግቶ ተቀመጠ። ነሐሴ 4 ቀን እስራኤል ከጎንደርና ከባሕር ዳር ከ200 በላይ ሰዎችን በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ አወጣች። መልካም አደረገች፤ አገር ለዜጋው እንዲህ ነው። ነገር ግን እንግዳው ሲወጣ ምግብ ያቀረበችለት አስተናጋጅ፣ አልጋውን ያነጠፈው ልጅ፣ ወደ አየር ማረፊያ ያደረሰው ሹፌር እዚሁ ቀሩ። ይህን የምልሽ እንግዳውን ለመውቀስ አይደለም። ለከተማው ነዋሪ ያልተጠበቀ ከተማ ለእንግዳ የተጠበቀ ሊሆን አይችልም። ለቱሪስት ብቻ ሰላም የሆነ ጎንደር እሠራለሁ የሚል ባለሥልጣን ካለ ከንቱ ደክሟል።

ወጣቷ፦ እና ለጥምቀት ምን እናድርግ? ከከተማ ሳንወጣ እንኳ።

አስጎብኚው፦ በመጀመሪያ ጥምቀት ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥር 11 ቀን 2012 የፋሲል መዋኛ ላይ የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ከአሥር ያላነሱ ሰዎች ሞቱ። በዓሉ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። ጥይት አልነበረም፣ ሰልፍ አልነበረም። ስለዚህ እንግዶችሽ ከተሠራ ማማ ላይ አይውጡ። ከሕዝቡ ጠርዝ፣ መውጫው በሚታይበት ቦታ ይቁሙ፤ ቢለያዩ የሚገናኙበትን አንድ ቦታ አስቀድመው ይወቁ።

ወጣቷ፦ ሌላስ?

አስጎብኚው፦ በአውሮፕላን ይግቡ፤ በመኪና ከባሕር ዳር አይምጡ። አዘዞ አየር ማረፊያ በቀን ይድረሱ፤ የሚቀበላቸው ሹፌር እኔ የማውቀው ይሁን። ያ አየር ማረፊያ ራሱ ኅዳር 4 ቀን 2013 ሮኬት ተተኩሶበታል፤ አየሩም ዋስትና እንደሌለው ይወቁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሆቴላቸው ይግቡ፤ ሰዓት እላፊ ይኑርም አይኑርም። ኬላና ወታደር ፎቶ አያንሡ። ድሮን የሚባል ነገር ሻንጣቸው ውስጥ አይገኝ። ድሮን እዚህ አካባቢ ምን እንዳደረገ ሕዝቡ ያውቃል፤ ድምፁ ሲሰማ ልጅ ያለቅሳል። ብር በጥሬው ይያዙ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ ገንዘቡ ሁሉ ስልኩ ውስጥ የነበረ ሰው ሻይ መግዣ አጥቷል። የፓስፖርታቸውን ቅጂ፣ የሆቴሉንና የእኔን ስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፉት። ለሁለት ለሦስት ቀን የሚሆን ውኃና መድኃኒታቸው ክፍላቸው ውስጥ ይኑር። ስለ ፖለቲካ ሹፌሩንም አስተናጋጁንም አይጠይቁ፤ እነሱ ተመልሰው ይሄዳሉ፣ የመለሰላቸው ሰው ግን እዚሁ ይኖራል።

ወጣቷ፦ ይህን ሁሉ የሰማ እንግዳ የሚመጣ ይመስልዎታል?

አስጎብኚው፦ ጥቂቱ ይመጣል። ያ ጥቂቱ የት እንደሚመጣ ያውቃል፣ ለምን እንደሚመጣ ያውቃል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣራው ላይ ያሉትን መላእክት ሲያይ ይህ ሕዝብ ምን ይዞ እንደቆየ ይገባዋል። ሲመለስም «የነገሩኝ ሁሉ እውነት ነበር» ይላል። የሚቀረውም አምኖን ይቀራል። ሰላም ሲወርድ አስቀድሞ የሚደውልልን እሱ ነው።

ወጣቷ፦ እሺ። ለአለቆቼ እንዲህ ብዬ አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያነሰ ቡድን፣ በአውሮፕላን፣ ከከተማ ሳይወጣ፣ ሰሜን ተራሮች የሌለበት። ቀብዱ ሙሉ በሙሉ የሚመለስ። ለእርስዎም እንግዳው መጣም ቀረም የሚከፈል የተለየ ሒሳብ። ይህን ካልተቀበሉኝ ማንንም አላመጣም።

አስጎብኚው፦ ይህንኑ ደባርቅ ላሉት ልጆችም አድርጊላቸው። ዘንድሮ እንግዳ አትልኪላቸው፤ ግን በየሳምንቱ እየደወልሽ የመንገዱን ነገር ጠይቂያቸውና ለመለሱልሽ ክፈያቸው። መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን አስቀድሞ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኔ ጥር 7 ማታ እደውልልሻለሁ። «ኑ» ካልኩሽ አዘዞ ቆሜ እቀበላቸዋለሁ። «አትምጡ» ካልኩሽ ደግሞ በስልክ ለምን ብለሽ አትከራከሪኝ፤ ሥራዬን የሠራሁት ያን ጊዜ ነው።